የዙለይኻ የጦስኝ ውሃ

ጩኸቱ ከታች፣ ከባጃጆቹ ማቆሚያ ጀምሮ ይሰማ ነበር። ኢንስፔክተር ሙሉአለም ጉንፋን የያዘው ደረቷ እያፏጨ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስትወጣ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ጆሮዋ የለየው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ አሲድ። ይህ ቃል ኮዬ ፈጬ ላይ በጠዋት ከተነሳ እስከ ረፋድ አቃቂ ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው ይደበደብበታል። የቸኮለችውም ለዚሁ ነው።

ኮሪደሩ በጎረቤት ጢም ብሏል። ረዳቷ ሳጅን ቡልቻ በሩ ላይ ቆሞ፣ እግዜር በሰጠው ቦርጭ ሰዉን ወደ ኋላ ይገፋል። ከውስጥ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ወይዘሮ አደሴ ነጠላቸውን እስከ ጣታቸው ተከናንበው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ።

«ልጄን አቃጠሏት! ኢንተለ ኮ፣ የኔ ልጅ! ሠርጓ ደርሶ ፊቷን በሉት!»

«ማን ነው ያቃጠላት እማማ?» አለች ሙሉአለም አጠገባቸው በርከክ ብላ።

«ማታ ደህና የተኛች ልጅ ጠዋት ፊቷ ተልጦ ተነሳች። ያ የምትቀባው ውሃ ነው! ያቺ የአቃቂዋ ዙለይኻ አሲድ ሸጠችላት!»

«አሲድ መሆኑን በምን አወቁ?»

ሴትዮዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ፣ በግራ እጃቸው ጠረጉ። ቀኝ እጃቸው ከነጠላው አልወጣም።

«ሌላ ምን እንዲህ ያደርጋል?» አሉ ቀስ ብለው።

ሃዊ፣ የወይዘሮ አደሴ አንዲት ልጅ፣ እጮኛዋ ሮቤራ ይዟት ሆስፒታል ሄዳለች። ሙሉአለም ጓንት አጥልቃ መኝታ ቤቷ ገባች። ትራሱን ገለበጠች፣ አንሶላውን ዘረጋች። የተበሳ፣ የተበላ፣ ቀለሙን የለቀቀ ነገር የለም። ቅርጫቱ ውስጥ ማታ ያገለገለ ጥጥ አለ፤ እሱም ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነገር ከመንካቱ በቀር እንዳለ ነው። ከመስታወቱ ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆማለች። ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ጦስኝ፣ ለወዛም ፊት» ይላል።

ሙሉአለም ጠርሙሷን ስታይ ደነገጠች። የጠርሙሷ መንታ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነበረችና።

ከልጅነቷ ጀምሮ ፊቷ ወዝ ያበዛል። ፖሊስ ኮሌጅ ሳለች ሰልፍ ላይ «ሙሌ፣ ጥላ ፈልጊ፤ ልትቀልጪ ነው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ስንቱን ክሬም ሞክራ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ ነው አቃቂ ገበያ አጠገብ ካለችው የዙለይኻ ሱቅ የጦስኝ ውሃ መግዛት የጀመረችው። ጦስኝን ሰው ለጉንፋን በሻይ ይጠጣዋል እንጂ ፊት ይጠረግበታል ብላ አስባ አታውቅም። ግን ወዙ ቀነሰ፣ ብጉሩም ደረቀ። ያለፈው ቅዳሜ አዲስ ጠርሙስ ገዝታለች። ዛሬ ጠዋትም ስልኩ ከመደወሉ በፊት ግንባሯንና አፍንጫዋን በጥጥ ጠርጋበታለች።

ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። መርማሪ እንደመሆኗ ወዲያው መናገር ይገባት ነበር። ሳትናገር ግንባሯን ማሳከክ ጀመራት።

ራሷን ለማረጋጋት ወደ በረንዳው ወጣች። የዘይትና የቲማቲም ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ትንሽ ጎመን። ወይዘሮ አደሴ ድሮ እዚሁ ሰፈር የእርሻ መሬት ነበራቸው፤ ሕንፃው ሲሠራ የቀረቻቸው ማሳ ይቺ በረንዳ ናት አሉ ጎረቤቶቻቸው። መጨረሻ ላይ ያለው ጣሳ አፈር ብቻ ነው። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ተቆፍሯል። ሙሉአለም አየችው፣ አለፈችው።

*

«አሲድ ነው ዶክተር?»

የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ሩት መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ አልጋው አየች። ሃዊ ትራሱን ተደግፋ ተቀምጣለች። የፊቷ ቀኝ በኩል ከጉንጯ እስከ አንገቷ ውሃ ቋጥሮ አብጧል፤ ግራው ግን ቀላ ከማለቱ በቀር ደህና ነው። ግንባሯ ላይ ቃጠሎው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ቆሟል። ከመስመሩ በላይ ቆዳዋ ጤነኛ ነው።

«አሲድ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም» አለች ዶክተሯ። «ሎሚ ተቀብተው ፀሐይ ላይ የወጡ ሰዎች ናቸው እንዲህ ሆነው የሚመጡት። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። እሷ ግን ሎሚ አልነካኝም ትላለች። ለማንኛውም ከውሃው ለላብራቶሪ ላኩ።»

«ልከናል። ውጤቱ ግን ዛሬም ነገም አይደርስም» አለችና ሙሉአለም ወደ ሃዊ ዞረች። «የኔ እህት፣ ሰው ደፋብሽ?»

«ማንም አልደፋብኝም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲለበልበኝ ዋለ። ያበርደኛል ብዬ ማታ ውሃውን ደጋግሜ ተቀባሁ። ጠዋት እንዲህ ሆኜ ተነሳሁ።» ቆም አለች። «ሉቃስ ግን ዝቶብኝ ነበር።»

ሉቃስ የድሮ ጓደኛዋ ነው። እሱን ትታ ለሮቤራ ቀለበት ስታስር የድምፅ መልእክት ልኮባታል፤ «በዚያ ፊትሽ ነው የምትኮሪው? እናያለን» የሚል። ሥራው ደግሞ አቃቂ ላይ የመኪና ባትሪ መጠገን ነው።

«የባትሪ ውሃ አሲድ ነው» አለ ቡልቻ ከበሩ ላይ፣ ሳይጠየቅ።

ሃዊ አልሰማችውም። «ፊቴ ይመለሳል?» አለች። የጠየቀችው ዶክተሯን ሳይሆን ሙሉአለምን ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሙሉአለም ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

*

አቃቂ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸዋል። የዙለይኻ ሱቅ መስታወት ረግፏል፤ ጠርሙሶቹ መንገዱ ላይ ተረጋግጠው ፈሰዋል።

«አገሩ ሁሉ ሻይ ሻይ ይላል» አለ ቡልቻ። ሙሉአለም ግን አፍንጫዋ ተደፍኖ ምንም አልሸተታትም።

«አሲድ ሻጭ!» አለ አንዱ። ድንጋይ ተወረወረ፤ የሱቁን ቆርቆሮ መትቶ ወደቀ።

ዙለይኻ ከመደርደሪያው ኋላ ተሸጉጣለች። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ሌላው እጇን የልጂቷ አናት ላይ ጋርዳለች። ሙሉአለምን ስታይ ዓይኗ በራ።

«አልሐምዱሊላህ! እህቴ፣ አንቺ እኮ ታውቂኛለሽ! ቅዳሜ ራስሽ መጥተሽ…»

«ዝም በይ!» ሙሉአለም ክንዷን ጨበጠች። «ዝም ብለሽ መኪና ውስጥ ግቢ።»

ዙለይኻ ዝም አለች። ዓይኗ ግን እስክትገባ ድረስ ከሙሉአለም ላይ አልተነሳም። ሕፃኗን የዙለይኻ ባል እህት ከሕዝቡ መሀል ተጋፍታ ተቀበለች። ሙሉአለም አፈረች። ሴትዮዋን ከሕዝብ አድናታለች፤ አፏን የዘጋችባት ግን ለራሷ ብላ ነው።

የሉቃስ ባትሪ ቤት ከዙለይኻ ሱቅ ጎን ነው። ልጁ ገና ከመኪና እንደወረደ ነው፤ ላብና አቧራ ጠጥቷል። ጫጫታውን ሲሰማ ለመሸሽም ለመቆምም አቅቶት በሩ ላይ ተገትሮ ነበር።

«ከቅዳሜ ጀምሮ የት ነበርክ?»

«ሞጆ። ያረጁ ባትሪዎች ስጭን ከርሜ አሁን መግባቴ ነው። ሹፌሩ ያው፣ ጠይቁት!»

ሹፌሩ ተጠየቀ። እውነት ነበር። ያደሩበት ቤት ባለቤትም በስልክ ያንኑ ተናገረ።

«መልእክቱስ?»

«ተናድጄ ነው ኢንስፔክተር። ሰው ሲናደድ የማይለው ነገር አለ?» ወደ ቡልቻ ዞረ። «በጣም ተጎዳች እንዴ?»

ሙሉአለም ሱሪው ላይ አፍጥጣ ነበር። ከጉልበቱ በታች በትንንሽ ቀዳዳ ወንፊት ሆኗል።

«ይሄ ምን በልቶት ነው?»

«አሲዱ ነዋ። ጠብ ባለ ቁጥር ይበሳዋል።»

የሃዊ ትራስ ትዝ አላት። ጥጡም ትዝ አላት። አንዳቸውም አልተበሱም።

*

ኮማንደር ወልደየሱስ ግን ትራስና ጥጥ አያስጨንቃቸውም። የሚያስጨንቃቸው በጣቢያው በር ላይ የቆመው ሕዝብ ነው።

«አሲድ ቤቱና የፊት ውሃ ቤቱ ጎረቤታሞች ናቸው» አሉ። «ሴትዮዋ ያገለገለ ጠርሙስ እየሰበሰበች ነው የምትሞላው። አንዱ የባትሪ ውሃ የነበረበት ቢሆንስ? ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አሲድ ቢሆን ኖሮ ሲነካት ነበር የምትጮኸው ጌታዬ። ተቀብታ ተኝታለች እኮ።»

«ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አቅርበን ጊዜ ቀጠሮ እንጠይቅባታለን። እስከዚያ የተሻለ ነገር ካለሽ አምጪ።»

ዙለይኻ በምርመራ ክፍሉ ወንበር ላይ ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ጠበቀቻት።

«እንዴት ነው የምትሠሪው? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

«ዓርብ ዓርብ ጦስኙን አጥቤ አፈላዋለሁ። ከድኜ አቀዘቅዘዋለሁ፣ በንጹህ ሻሽ አጠልለዋለሁ። ሌላ ምንም የለውም። ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ነው የማጥበው። ከባትሪ ቤት ጠርሙስ ወስጄ አላውቅም፤ ወላሂ!»

«ለሃዊ የሸጥሽውስ?»

ዙለይኻ ወደ በሩ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ካንቺው ጋር ከአንድ ድስት የወጣ ነው። ዝም በይ ስትዪኝ ዝም አልኩ፤ አሁንም ለማንም አልናገርም። ግን ያንቺ ፊት ደህና ነው። አይደለም እንዴ?»

የሙሉአለም እጅ ሳታስበው ወደ ግንባሯ ሄደ። ምንም የለም። ያሳከካት ፍርሃቷ ብቻ ነበር።

ዙለይኻ ክንዶቿን ለምን እንዳጣመረች ያየችው ያን ጊዜ ነው። ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል።

«የምትጠባበት ሰዓት አልፏል» አለች ዙለይኻ፣ እንደ ማፈር ብላ። «እንዳያመጧት ሕዝቡ በር ላይ ነው። ብርጭቆ አትይዝም፤ ጡጦም አታውቅም። ነገ ካልፈታችሁኝ ምን ትሆናለች?»

*

ሙሉአለም ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ለላብራቶሪ ተቀንሶ የተረፈውን የሃዊን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። የራሷን ከቦርሳዋ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ስታስተያያቸው እጇ ቆመ።

የሷ ውሃ እንደ ቀጭን ሻይ ነው። የሃዊው ውስጥ ግን አረንጓዴ ነገር አለ።

ከአንድ ድስት ወጥተው እንዴት ሁለት መልክ ያዙ? አንድ ሰው፣ ውሃው ከሱቁ ከወጣ በኋላ፣ የሆነ ነገር ጨምሮበታል። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። በጉንፋኗ ምንም አልሸተታትም። ከዚያ በኋላ አማራጭ አልነበራትም፤ ቡልቻን ጠራችው።

ቡልቻ ሁለቱን ጠርሙሶች አይቶ ግራ ገባው። «ይሄኛው ከየት መጣ?»

«የኔ ነው።»

ፊቷን አያት፤ ከዚያ ጠርሙሱን፣ ከዚያ መልሶ ፊቷን። «እኔ ደግሞ ፍቅር ይዟት ነው እንዲህ ያማረባት ስል…»

«ቡልቻ፣ አሽትት።»

የሷን አሸተተ። «ሻይ።» የሃዊን አሸተተ። ቅንድቡ ተቋጠረ፤ ደግሞ አሸተተ። «ይሄ ሻይ ብቻ አይደለም። ይሄ… እንዴት ልበልሽ፣ የአራስ ቤት ይሸታል።»

«ምን?»

«ባለቤቴ ስትወልድ ቤታችን እንዲህ ነበር የሚሸተው። አማቴ የሕፃኑ ራስጌ የምታደርገው ነገር ነበር። ሰው ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር ታሸተዋለች…»

ሙሉአለም በዝግታ ተቀመጠች። የሕፃን ራስጌ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ማን አያውቅም? ለምን እንደሚደረግም ታውቃለች። ያ ባዶ ጣሳ፣ እርጥቡ አፈር፣ ከነጠላው ያልወጣው እጅ፣ ሁሉም በአንዴ መጡባት። እውነት እንዳይሆን ተመኘች።

ስልኳን አንስታ ሆስፒታል ደወለች። ዶክተር ሩት ስልኩን ለሃዊ ሰጠቻት።

«ሃዊ፣ ስትተኚ ሻሽ ታስሪያለሽ?»

«አላስርም።»

«ሰሞኑን አስረሽ ነበር?»

«እሁድ ብቻ። የሮቤራን ዘመዶች ልጠይቅ ቱሉ ዲምቱ ሄጄ ነበር፤ እናቱ ያመጡልኝን ሻሽ ግንባሬ ድረስ አስሬ።»

«በታክሲ?»

«በሚኒባስ። መንገዱ ተዘግቶ ፀሐዩ ጨረሰን። መስኮቱ ጋ ነበርኩ።»

«በየት በኩል?»

ሃዊ ትንሽ አሰበች። «በቀኝ።»

«ከመውጣትሽ በፊት ውሃውን ተቀብተሽ ነበር?»

«ሁሌም እቀባለሁ።»

ሙሉአለም ዶክተሯን መልሳ ጠየቀች። የአንድ ተክል ስም ጠራችላት።

«እሱማ ከሎሚም ይብሳል» አለች ዶክተር ሩት። «ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ወዲያው ግን አይታይም፤ ውሃ የሚቋጥረው በማግስቱ ወይም ከዚያም በኋላ ነው። ማን ነው እሱን ፊቷ ላይ ያደረገባት?»

ሙሉአለም ስልኩን ዘጋች። ሁሉም ሰው ቀኑን ሙሉ የጠየቀው ስለ ትናንት ማታ ነበር። ሃዊ ግን የተቃጠለችው እሁድ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላው ሚኒባስ ውስጥ፣ ማንም ሳያይ።

*

ወይዘሮ አደሴ ብቻቸውን በረንዳው ላይ ነበሩ። ጎረቤት ሁሉ ወደ አቃቂ ወርዷል፤ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ጀምበሯ ወደ መጥለቂያዋ አዘቅዝቃለች። ሙሉአለም አጠገባቸው ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ጤና አዳሙን ለምን ነቀሉት?»

«የቱን ጤና አዳም?»

«ያ ጣሳ ላይ የነበረውን።»

«ደረቀብኝ።»

«ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ፍል ውሃ ደፋሁበት ልጄ።»

«ያሳዩኝ እማማ።»

ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሱም። ሙሉአለም ራሷ ነጠላውን ቀስ አድርጋ ገለጠችው። ጣቶቻቸው ውሃ ቋጥረዋል። ከጣቶቹ መሀል ተነስቶ እስከ አንጓቸው የወረደ ቀይ መንገድ አለ፤ ጭማቂ ሲጨመቅ ወደ ታች የሚፈስበት መንገድ። ሃዊ አንገት ላይ ያለውም እንዲሁ ነው።

«ፊቷ ጠራ» አሉ ወይዘሮ አደሴ። ድምፃቸው የጠዋቱ አልነበረም። «ወዙ ጠፋ፣ ብጉሩ ጠፋ፣ ስትሄድ ሰው ዞሮ ያያት ጀመር። ዓይን ፈራሁ። ሠርጓ ሳይደርስ የሰው ዓይን ይበላታል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ጤና አዳም ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ ብላት ሳቀችብኝ፤ ‹እማ፣ እኔ ሕፃን ነኝ?› አለችኝ። እሷ ሳታይ ጨምቄ ውሃው ውስጥ ጨመርኩት። እንዲጠብቃት እኮ ነው! ሕፃን ሳለች በምን አሳደግኳት?»

«እጅዎስ መቼ እንዲህ ሆነ?»

«እሁድ ጠዋት፣ ከመቀባቷ በፊት ነው የጨመቅኩት። ከዚያ በርበሬ ላሰጣ እዚሁ ፀሐይ ላይ ዋልኩ። ዛሬ እሷ ስትጮህ እጄን አየሁት። ያኔ ገባኝ።»

«ገብቶዎት ነው አሲድ ብለው የጮኹት?»

ሴትዮዋ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ሙሉአለም ተናደደች። ቀኑን ሙሉ የዋጠችው ፍርሃት ሁሉ ንዴት ሆኖ ወጣ። «ያቺን ሴት ሊገድሏት ነበር እኮ! ሕፃን ታቅፋ በድንጋይ!»

«ምን ልበላት ታዲያ? ያቃጠልኩሽ እኔ እናትሽ ነኝ ልበላት? በምን አፌ?» አሁን አለቀሱ፤ ያለ ጩኸት። «እኔን እሰሪኝ። ለሃዊ ግን አትንገሪያት። እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ለሷ አትንገሪያት።»

የሚያሳዝኑ ሴት ነበሩ። ሙሉአለምም አዘነችላቸው፤ ያን ያህል ተናዳባቸውም አዘነች። ግን የረሰው ቀሚስ ዓይኗ ላይ ነበር።

«እኔ አልነግራትም» አለች። «የሚነግሯት እርስዎ ነዎት። ከዚያ በፊት ደግሞ በጩኸትዎ ያስነሱት ሕዝብ አለ። እሱንም የሚመልሱት እርስዎ ነዎት።»

*

ኮማንደሩ የወይዘሮ አደሴን ቃል ከሰሙና እጃቸውን ካዩ በኋላ ዙለይኻን ለማቆየት ምክንያት አጡ። ሕፃኗ በጓሮ በር ገብታ እናቷ ጡት ላይ ስትጣበቅ ቡልቻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ነውር ሆኖበት ይሁን እንባው መጥቶበት አልታወቀም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወይዘሮ አደሴ ከተሰበረው ሱቅ ፊት ቆሙ። ገበያው ደርቷል፤ ድንጋይ የወረወረውም፣ ቆሞ ያየውም ተሰብስቧል። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ከቀኝ እጃቸው ላይ ፈቱና እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ለዓይን ብዬ ጤና አዳም ጨምቄበት ነው። ይቺ ባለ ሱቅ ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ።»

ወይዘሮ አደሴ ወደ ዙለይኻ ዞሩ። ዙለይኻ ሕፃኗን አዝላ መስታወት እየጠረገች ነበር። ቀና ብላ እጃቸውን አየችው።

«ፀሐይ አያስነኩት» አለቻቸው። ከዚያ በላይ ምንም አልነበራትም።

ሴትዮዋ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። እጃቸውን አልሸፈኑትም፤ ጉልበታቸው ላይ እንደተዘረጋ ነበር። ልጃቸው ጋ የሚደርሱት እንደዚያው ይዘውት ነው።

ሰዉ ወዲያው አልተበተነም። አፍሮ ይሁን ወሬ ናፍቆት ቆሞ ቀረ። ከመሀል አንዲት ሴት ለጓደኛዋ የተናገረችው ግን ለሁሉም ተሰማ።

«ንጹህ ነው እንበል እሺ። ግን ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ፊቱን ይቀባዋል?»

የዙለይኻ መጥረጊያ ቆመ። ፊቷን ሙሉአለም አየችው። ጣቢያ ውስጥ በዋለችበት ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነም ነበር። አሁን ነው ሱቋ የተዘጋው።

ሙሉአለም ቦርሳዋን ከፈተች። ጠርሙሷን አወጣች፤ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ።

«እኔ የዚህ ሱቅ ደንበኛ ነኝ» አለች። «ይሄ ከሃዊ ጠርሙስ ጋር ከአንድ ድስት የተቀዳ ነው። ትናንትናም ዛሬም ተቀብቼዋለሁ።»

ጥጡን አርሳ ግንባሯን ጠረገች፤ ጉንጯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን። ከዚያ ሰው ሁሉ ይበልጥ ውሃው ንጹህ መሆኑን የምታውቀው እሷ ናት፤ ቢሆንም ፈራች። አንድ የዘነጋችው ነገር ቢኖርስ? ዶክተሯ ተሳስታ ቢሆንስ? ጥጡን ጣለችና ፊቷን ወደ ፀሐዩ ቀና አደረገች።

«ኢንስፔክተር፣ ጥላው ወዲህ ነው» አለ ቡልቻ በጆሮዋ፣ ጭንቅ ብሎት።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ እያሉ ያዩዋታል፤ የሆነ ነገር እስኪወጣባት የሚጠብቁ ይመስላሉ። ዙለይኻ መጥረጊያዋን አስደግፋ መጣችና ክንዷን ነካች። «ይበቃል እህቴ፣ ግቢ። አመኑሽ።»

አላመኗትም። ሙሉአለም ይህን ፊታቸው ላይ አነበበችው። የሃዊ ፊት ወዲያው አልነበረም የተላጠው፤ ይህን አሁን አቃቂ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በዚህ መንገድ፣ በእግሯ፣ ፊቷን ሳትሸፍን ማለፍ አለባት።